ታሪክ ከአውድማ ይጀምራል

ከታሪክ ክበብ አባል፥ ከ11ኛ ክፍል ተማሪ



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ለየክበቡ አንዳንድ ሥራ ተሰጥቶ ነበር። የስፖርት ክበብ ውድድር እንዲያዘጋጅ፥ የቴአትር ክበብ ጨዋታ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ ለእኛ ለታሪክ ክበብ አባሎች የደረሰን ግን ከሁሉ የከበደ መስሎ ታየን። ይኸውም ስለ ጥንታዊ እርሻና ስለ ጥንታውያን ሥልጣኔዎች አራት ትምህርቶች አሰናድተን ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች እንድናስተምር ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት የተፈቀደልን ጊዜ 40 ደቂቃ ነበር። መማር እንጂ ማስተማር የማናውቅ ልጆች ይህን ሸክም እንዴት እንደ ተሸከምነውና በመንገዱ ላይ ምን እንዳገኘን በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ። ዓላማዬ ክበባችንን ለማመስገን አይደለም፤ ታሪክን ከየት መጀመር እንደሚገባን አንድ ሐሳብ ስላለኝ እርሱን ለአንባቢ ለማካፈል ነው። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

የመጀመሪያው ዕቅድ እንዴት እንደ ፈረሰ

ሥራውን እንደ ተቀበልን አምስት ሆነን በቤተ መጻሕፍት ተቀመጥን። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ገጽ ሙሉ የነገሥታት ስምና ዘመን ሰበሰብን። የአካዱ ሳርጎን፥ ሕግ የደነገገው ሐሙራቢ፥ ታላቁን ፒራሚድ ያሠራው ኩፉ፥ ታላቁ ራምሴስ፥ ሁሉም በየተራቸው ተሰልፈው ነበር። ስለ እርሻ የጻፍነው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «ሰዎች እርሻን ከጀመሩ በኋላ ሥልጣኔ ተጀመረ» የሚል ነበር። በሥራችንም እጅግ ተደሰትን።

ለሙከራ ያህል ስድስት የ9ኛ ክፍል ልጆች ጠርተን ትምህርቱን አነበብንላቸው። ከሐሙራቢ ሳንደርስ ሁለቱ አንቀላፉ። ስለ ፒራሚዱ ስንናገር ግን አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አነሣና «ያን ሁሉ ድንጋይ ለሚጎትቱት ሰዎች እንጀራ የሚጋግርላቸው ማን ነበር? እህሉስ ከየት ይመጣ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ የፒራሚዱም ከፍታ ሲሠራ 146 ሜትር ያህል እንደ ነበረ እናውቃለን። ስለ እንጀራው ግን ማናችንም አስበን አናውቅም ነበር።

የሆነውን ሁሉ ለታሪክ መምህራችን ነገርናቸው። እርሳቸውም ሣቁና «ይህ ልጅ ዕቅዳችሁን አፍርሶ የተሻለ ሰጥቷችኋል። ከንጉሡ አትጀምሩ፤ ከእህሉ ጀምሩ። ንጉሡ ወደ ኋላ ራሱ ይመጣል» አሉን። በዚያን ሰዓት ምክራቸው እምብዛም አልገባኝም ነበር።

በአባቴ ማሳ ላይ የተማርሁት

በዚያ ሳምንት መጨረሻ እንደ ልማዴ ስንቅ ለማምጣት ወደ አገር ቤት ሄድሁ። ወሩ ኅዳር ስለ ነበረ አባቴ ስንዴ ያጭዱ ነበር። እኔም ማጭድ ይዤ ከጎናቸው ገባሁ። በስንዴው መካከል እንደ ወትሮው ስናር በቅሎበት ነበርና «አባዬ፥ ይህስ ፍሬ አለው አይደል? ለምን ከስንዴው ጋር አጭደን አንወቃውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አባቴ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንዱን የስናር ዛላ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። ፍሬው ወዲያው ረገፈ። ቀጥለውም የስንዴ ዛላ ይዘው እንዲሁ አደረጉ፤ አንድም ፍሬ አልወረደም። ከዚያም «ይህ ስናር፥ ልጄ፥ የራሱ ጌታ ነው። ሲደርስ ሰው አይጠብቅም፤ ይረግፋል፤ በሚመጣው ዓመት ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ስንዴው ግን እኛን ይጠብቃል። እኛ ካላጨድነው፥ ካልወቃነውና መልሰን ካልዘራነው ዘሩ ይጠፋል። እርሱም የእኛ ነው፤ እኛም የእርሱ ነን» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመልሼ ስለ እርሻ አጀማመር የሚናገሩትን መጻሕፍት ስገልጥ ያን ቃል አገኘሁት። ሊቃውንቱ በረጅሙ የጻፉት፥ የዱር እህል ከሰው እህል የሚለይበት ዋናው ምልክት፥ ይኸው አባቴ በመዳፋቸው ያሳዩኝ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። 9ኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው መስመር «ነጋዴ» ብዬ ጽፌ ነበር። አባቴ በዕድሜያቸው ነግደው አያውቁም። ገበሬ ብዬ መጻፍ አፍሬ ነው። ይህን የማነሣው ብዙ ጓደኞቼ እንደ እኔ እንዳደረጉ ስለማውቅ ነው። የነገሥታት ስም ብቻ የሞላበት የታሪክ ትምህርትም ለዚህ ኀፍረት ጥቂት ሳያግዝ አይቀርም ብዬ አምናለሁ፤ በእርሱ ውስጥ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሉበትምና።

የመጀመሪያው ትምህርት፤ የሚረግፍና የማይረግፍ

አዲሱን ዕቅድ ስናወጣ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ በእጅ የሚያዝ ዕቃና አንድ ጥያቄ እንዲኖረው ወሰንን። ለመጀመሪያው ቀን ዕቃችን የስንዴና የስናር ነዶ ነበር። ስናሩ በመንገድ እንዳይረግፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ከአገር ቤት አመጣሁት። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነጭ ወረቀት ዘርግተው ሁለቱንም በየተራ አራገፉ። ከዚያም ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ ጻፍነው፤ «ስንዴን ሰው እንዲጠብቅ ያስተማረው ማን ነው?»

ካርታውን ዘርግተን ስንዴና ገብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተለመዱበት አገር ወሰድናቸው። ይህም ከዮርዳኖስ ሸለቆ ተነሥቶ በሶርያ በኩል ወደ ደቡብ ቱርክ ይወጣና የኢራቅንና የኢራንን ተራሮች ተከትሎ ወደ ታች ይታጠፋል። በካርታ ላይ ማጭድ ወይም ግማሽ ጨረቃ ስለሚመስል «ለሙ ግማሽ ጨረቃ» ይባላል። በዚያ ምድር የዱር ስንዴና የዱር ገብስ ዛሬም በየኮረብታው ይበቅላሉ።

ሰዎች እህልን ከማረሳቸው በፊት ለብዙ ሺህ ዓመት ለቅመው በልተውታል። በገሊላ ባሕር ዳር ኦሃሎ በተባለ ስፍራ፥ እ.ኤ.አ. በ1989 ውሃው በሸሸ ጊዜ፥ ከ23,000 ዓመት በፊት ሰዎች የኖሩባቸው ጎጆዎች ተገኙ። በውስጣቸውም የዱር ገብስና የዱር ስንዴ ፍሬ፥ መፍጫ ድንጋይም ነበረ። በዮርዳኖስ አገር ደግሞ ሹባይቃ በተባለ ስፍራ 14,000 ዓመት ያለፈው የተቃጠለ ቂጣ ፍርፋሪ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዓለም ተገልጧል። እንግዲህ ቂጣ ከእርሻ በሺህ የሚቈጠሩ ዓመታት ይቀድማል ማለት ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ እጅግ ተደነቁ።

ጃክ ሃርላን የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ሄደው በባልጩት ማጭድ የዱር ስንዴ አጨዱ። በአንድ ሰዓት ሥራ ከአንድ ኪሎ የሚበልጥ ንጹሕ ፍሬ አገኙ። በዚህ ስሌት አንድ ቤተ ሰብ እህሉ በሚደርስባቸው በሦስት ሳምንታት ውስጥ ከዓመት ቀለቡ የሚተርፍ ሊሰበስብ እንደሚችል ገመቱ። ታዲያ ይህን ያህል ከተገኘ ለምን ማረስ አስፈለገ? የበረዶው ዘመን ከ11,700 ዓመት በፊት ገደማ አብቅቶ የአየሩ ጠባይ መለወጡ፥ የሰውም ቍጥር መብዛቱ እንደ ምክንያት ይጠቀሳሉ።

ለውጡ የሆነው ማንም ሳያስበው ነው። በዱር ስንዴ መካከል አልፎ አልፎ ፍሬው የማይረግፍ ይገኛል። ለዱር ተክል ይህ ጕዳት ነው፤ ዘሩን አይበትንምና። ማጭድ ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን የረገፈው መሬት ላይ ይቀራል፤ ያልረገፈው ወደ ቤቱ ይገባል። በሚመጣው ዓመት የሚዘራውም ወደ ቤት የገባው ነው። እንዲህ እየሆነ ከሺህ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ የማይረግፈው ማሳውን ሞላው። ከ10,500 ዓመት በፊት ገደማ በዚያ አገር ስንዴ፥ ገብስ፥ ምስር፥ አተር፥ ሽምብራና ተልባ የሰው ሰብል ወደ መሆን ደርሰው ነበር።

የጥያቄው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ስንዴን ያስተማረው አንድ ንጉሥ ወይም አንድ ጠቢብ አይደለም። ስማቸው ያልተጻፈ አጫጆች፥ ወንዶችና ሴቶች፥ እናት ለልጅ እያስተላለፈች ያስተማሩት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት፤ ወፍጮና ጕልበት

የዚህን ቀን ትምህርት ያዘጋጀችው የክበባችን አባል የሆነች ልጅ ናት። ዕቃዋም ከአያቷ ቤት በአህያ ያስጫነችው የድንጋይ ወፍጮና መጁ ነበር። ክፍል እንደ ገባን ሁለት ወንዶች ልጆች ጠርታ ተንበርክከው እንዲፈጩ አዘዘቻቸው። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ላብ በላብ ሆነው ያወጡት ዱቄት ከአንድ እፍኝ አልበለጠም። ልጆቹ ሁሉ ሣቁ። እርሷ ግን አልሣቀችም፤ «አያቴ ይህን ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት ሌሊት እየተነሡ ሠርተውታል» አለቻቸው። «ይህን ወፍጮ» ማለቷ የሞተሩን ወፍጮ ነበር።

ከዚያም በሶርያ በኤፍራጥስ ዳር ስለ ነበረችው ስለ አቡ ሁሬይራ መንደር ነገረቻቸው። ይህች መንደር እ.ኤ.አ. በ1972ና በ1973 ተቈፍራ ከተጠናች በኋላ በግድብ ውሃ ተውጣለች። ሰዎቿ ከለቀማ ወደ እርሻ ሲሻገሩ በአንድ ቦታ ላይ የሚታይባት ስለ ሆነች በታሪክ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀች ናት። ከመቃብሮቿ የወጣው አጽም ሲመረመር በብዙዎቹ፥ ይልቁንም በሴቶቹ ላይ፥ የእግር ጣት መጣመም፥ የጕልበትና የወገብ መጐዳት ተገኘ። ምክንያቱም በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ተንበርክኮ መፍጨት ነው። የእነዚያ ሴቶች ስም በምንም መዝገብ የለም፤ ሥራቸው ግን በአጥንታቸው ላይ ተጽፎ ተገኘ።

ይህን ካየን በኋላ ሁለት ወገን ሆነው እንዲከራከሩ አደረግን፤ ጥያቄውም «እርሻ ሰውን ጠቀመው ወይስ ጐዳው?» የሚል ነበር። ጠቀመው ያሉት ወገኖች ኢያሪኮን ጠቀሱ። በዚያ ካትሊን ኬንዮን የተባሉት እንግሊዛዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1958 ቈፍረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8000 ዓመት ገደማ የተሠራ የድንጋይ ቅጥርና ከ8 ሜትር በላይ የሚቆም ግንብ አግኝተዋል። ቻታልሆዩክ የተባለችውን የቱርክ አገር መንደርም አነሡ፤ በእርሷ ከ9,000 ዓመት በፊት ገደማ ብዙ ሺህ ሰዎች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በጣራ በኩል እየገቡ ይኖሩ ነበር። ጐዳው ያሉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች አጽም በብዙ ስፍራ ከለቃሚዎቹ ይልቅ አጭርና ጥርሱ የተበላ ሆኖ መገኘቱን፥ ከከብትና ከሰው ጋር ተጨናንቆ መኖር በሽታን ማምጣቱን፥ ጎተራ ሲመጣም የጎተራው ቍልፍ ያዥ መምጣቱን ዘረዘሩ።

ጎርደን ቻይልድ የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1936 ይህን ለውጥ አብዮት ብለው ሰይመውታል። አብዮትም ቢሆን የሺህ ዓመታት አብዮት ነው፤ ዋጋም አስከፍሏል። ክርክሩ ያለ ፍርድ ተፈጸመ። እኛም እንዲያ እንዲሆን ፈለግን፤ ተማሪው ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያስበው ነገር ይዞ ቢሄድ ከተሰጠ መልስ ይሻላልና።

ሦስተኛው ትምህርት፤ የመጀመሪያው ጽሕፈት

ከጎተራው ቍልፍ ተነሥተን ወደ ከተማ ገባን። በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል፥ በዛሬይቱ ኢራቅ ደቡብ፥ ዝናብ እህል አያበቅልም፤ ውሃ በቦይ ካልተመራ እርሻ የለም። ቦይ ለመቈፈርና ደለሉን በየዓመቱ ለመጥረግ ብዙ ሰው በአንድ ትእዛዝ መሥራት አለበት። በዚያ ምድር ላይ ሱመራውያን ከተሞችን ሠሩ፤ ከእነርሱም ታላቂቱ በመጽሐፍ ቅዱስ ኦሬክ የተባለችው ኡሩክ ናት።

ለዚህ ቀን ዕቃችን ከወንዝ ዳር ያመጣነው ጭቃ ነበር። ተማሪዎቹ ጭቃውን እንደ ትንሽ ጡብ ጠፍጥፈው በተቀረጸ እንጨት እንዲጽፉበት ካደረግን በኋላ «ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ምን ይመስላችኋል?» ብለን ጠየቅናቸው። አንዱ ጸሎት አለ፤ ሌላው የንጉሥ ትእዛዝ አለ፤ አንዲት ልጅም የፍቅር ደብዳቤ አለችና ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። እውነቱ ግን ከሁሉም የተለየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3300 ዓመት ገደማ በኡሩክ ከተጻፉት የጭቃ ጽላቶች አብዛኞቹ የሒሳብ መዝገቦች ናቸው። ይህን ያህል ገብስ ገባ፤ ይህን ያህል ለሠራተኛ ወጣ፤ ይህን ያህል በግ አለ፤ ይህን ያህል ገብስ ለጠላ ተሰጠ፤ ይህን የመሰለ ነው። የቀለብ ምልክቱ የሳሕን ሥዕል ነው፤ የሰው ራስ ከሳሕኑ ጋር ሲሣል መብላት ማለት ይሆናል። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምናነብበት ጥበብ የተወለደው በጎተራ ደጃፍ ነው።

በዚሁ ትምህርት ላይ እኔን ከሁሉ የነካኝን ነገር አቀረብሁ። ኒፑር ከተባለችው የሱመር ከተማ ፍርስራሽ ከተገኙት ጽላቶች መካከል፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1700 ዓመት ገደማ የተጻፈ፥ አንድ ገበሬ ለልጁ የሰጠው ምክር ይገኛል። አባትዮው ማሳውን እንዴት እንደሚያጠጣ፥ ሞፈርና ቀንበሩን አስቀድሞ እንዴት እንደሚያሰናዳ፥ ዘሩን ሁለት ጣት ያህል እንዲያጠልቅ፥ ገብሱም ከክብደቱ የተነሣ ሳይጐነበስ ጠንክሮ ሳለ እንዲያጭደው ደረጃ በደረጃ ያስተምረዋል። እንዲህ ያሉት ጽሑፎች ለዘመናችን የደረሱት የጸሐፊነት ትምህርት ይማሩ የነበሩ ልጆች በትምህርት ቤት ደጋግመው ስለ ገለበጧቸው ነው። ከ3,700 ዓመት በፊት አንድ ተማሪ የገበሬን ምክር ለትምህርቱ ሲጽፍ ይታያችሁ! እርሱ ያላፈረበትን እኔ አፍሬበት እንደ ነበረ በዚያን ጊዜ ተሰማኝ።

የሱመር ታሪክ ግን ምስጋና ብቻ አይደለም። በቦይ የመጣው ውሃ በፀሐይ ሲተንን ጨው በመሬቱ ላይ ይቀራል። ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ጥናት የደቡብ ሱመር መሬት ቀስ በቀስ ጨው ስለ በላው ገበሬው ጨው የማይችለውን ስንዴ ትቶ ጨው ወደሚችለው ገብስ ዞረ፥ በኋላም ምርቱ ወደቀ ብለው ጽፈዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቍጥሮቹን ተከራክረውባቸዋል። እኛም ለተማሪዎቹ ሁለቱንም ወገን ነገርናቸው። ታሪክ የተዘጋ መዝገብ እንዳልሆነ ማወቅም ትምህርት ነውና።

አራተኛው ትምህርት፤ የዓባይ ደለልና የእኛ ድርሻ

የመጨረሻው ቀን ለዚያ ዝምተኛ ልጅ መልስ የምንሰጥበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ማርክ ሌነር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከፒራሚዶቹ በስተ ደቡብ ሁለት የዳቦ መጋገሪያ ቤቶች አገኙ፤ ትልልቅ የሸክላ ማድጋ፥ አመድና ፍም የሞላባቸው ነበሩ። በዙሪያው የተገኘውም የከብት፥ የበግና የፍየል አጥንት ሠራተኞቹ በዳቦ፥ በጠላና በሥጋ ይቀለቡ እንደ ነበረ አስረዳ። እህሉ ገብስና አንድ የስንዴ ዓይነት ነው። ይህ የስንዴ ዓይነት ዛሬም በአገራችን ደጋ በአንዳንድ ስፍራ «አጃ» በሚል ስም ይዘራል፤ በዚሁ ስም ከሚጠራው ከገንፎው አጃ ግን ሌላ ነው።

እህሉ ከየት ይመጣ ነበር ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዝናብ በኋላ ከወንዝ የቀዳነውን ድፍርስ ውሃ በብርጭቆ አስቀመጥን። ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ጭቃው ከታች ዘቀጠ። ግብጻውያን ምድራቸውን በቋንቋቸው «ኬሜት» ብለው ይጠሩ ነበር፤ ጥቍር ምድር ማለት ነው። ያን ጥቍር አፈር በየዓመቱ ያመጣላቸው የነበረው ጐርፍ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ግብጽ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃም ከመቶ 85 ያህሉ የሚሄደው ከዚህ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በእኛ ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ በእነርሱ ማሳ ላይ ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከተፈጸመ ወዲህ ግን ደለሉ ከግድቡ በስተ ኋላ ይቀራል። በብርጭቆው ውስጥ የዘቀጠውን ጭቃ እያየ አንድ ልጅ «እንግዲያስ ያጣነው አፈር ነው የእነርሱ ሀብት የሆነው» አለ። መልሱን ለጂኦግራፊ መምህራችን ተውነው።

እዚህ ላይ በእኛ በአዘጋጆቹ መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሩስያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎፍ እ.ኤ.አ. በ1927 በአገራችን ተዘዋውረው የስንዴውንና የገብሱን ዓይነት ብዛት አይተው በመደነቅ ኢትዮጵያን ከሰብል መገኛ አገሮች አንዷ አድርገው ቈጥረዋታል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን «ስንዴ የተወለደው በአገራችን ነው» ብለን ለማስተማር ፈለግን። መምህራችን ግን «የሌላውን ወስዶ መኩራት ኩራት አይደለም፤ የራሳችሁ ይበቃችኋል» ብለው ከለከሉን። እውነትም በኋላ የተደረገው ምርምር ስንዴና ገብስ ከለሙ ግማሽ ጨረቃ ወደ እኛ የመጡ እንግዶች መሆናቸውን አረጋግጧል። እርሻ በዓለም ላይ በአንድ ስፍራ ብቻ አልተጀመረም፤ ሩዝ በቻይና፥ በቆሎ በሜክሲኮ፥ ድንች በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ለየብቻቸው ተለምደዋል። እንዲሁም ጤፍ፥ ኑግና እንሰት በአገራችን ገበሬዎች እጅ የተለመዱ ናቸው። የጤፍን ፍሬ የሚያህል ደቂቅ ነገር መርጦ፥ አለማምዶ፥ የሕዝብ ቀለብ ማድረግ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ጤፍ ያረመ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዶቹንም ቢሆን ገበሬዎቻችን ዝም ብለው አልተቀበሏቸውም። ለየተራራውና ለየቈላው የሚስማማውን እየመረጡ ብዙ ዓይነት አደረጓቸው። በካሊፎርኒያ የገብስን ሰብል ቢጫና ድንክ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ በተነሣ ጊዜ በሽታውን የሚቋቋም ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያን ዘር ጠብቆ ያቈየው ስሙ የማይታወቅ ገበሬ ነው።

በመጨረሻ የአንድ የአክሱም ገንዘብ ሥዕል በሰሌዳ ላይ ሰቀልን። አክሱም አጠገብ በተደረገ ቍፋሮ ስንዴ፥ ገብስና ጤፍ ከጥንቱ አፈር ውስጥ ወጥተዋል። የአክሱም ነገሥታትም ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፥ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ270 ዓመት ገደማ ወዲህ፥ በወርቅ ገንዘባቸው ላይ የራሳቸውን መልክ አስቀርጸዋል። በመልኩ በቀኝና በግራ ግን አንበሳ ወይም ጦር አይደለም የቆመው፤ ሁለት የእህል ዛላዎች ናቸው። መምህራችን «ንጉሡ ወደ ኋላ ራሱ ይመጣል» ያሉት ቃል በዚያን ጊዜ ገባኝ። ንጉሡ መጣ፤ የመጣውም በእህል መካከል ሆኖ ነው።

መደምደሚያ

ውድ አንባቢ ሆይ! ከዚህ ሥራ ያገኘነውን ባጭሩ ብናገር እንዲህ ነው። ታሪክን ለማስተማር የሚያቅድ ሰው ተማሪው በእጁ ከሚያውቀው ነገር ይጀምር። ብዙ ስም ከመደርደር አንድ ደኅና ጥያቄ ይጠይቅ። ያወቅነው ከምን እንደ ተገኘ፥ ከአጥንት ይሁን ከጽላት ወይም ከተቃጠለ ፍሬ፥ ለተማሪው ይንገረው። ለአገር ፍቅር ሲባልም ያልተረጋገጠ ነገር አይጨምር።

በወላጆች ቀን የትምህርቶቹን ዕቃዎች በአንድ ክፍል ደርድረን ለእንግዶች አሳየን። አባቴም መጥተው ነበር። ነዶዎቹን አለፉና የአክሱሙ ገንዘብ ሥዕል ፊት ለብዙ ጊዜ ቆሙ። «ይህ ዛላ ጺሙ ረጅም ነው፤ ገብስ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ሊቃውንቱም ከፊሎቹ ስንዴ፥ ከፊሎቹ ገብስ ነው እንደሚሉ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ቢጠይቁን ኖሮ እኛ እንነግራቸው ነበር» ብለው ሣቁ።

በማግሥቱ ወደ መዝገብ ቤት ሄድሁና ቅጹ እንዲታረምልኝ ለመንሁ። የመዝገብ ቤቱ ሹም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሰው ነጋዴ ለመባል ይለምናል እንጂ ይህን ለማስፋቅ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ» አሉኝ። ከዚያም በቀይ ቀለም ሰርዘው ከላዩ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «ገበሬ» ብለው ጻፉልኝ።